የቤተሰብ ፊርማ

ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አዳማ

ሐኪሟ "ለሦስት ቀን ሽንት ቤት የገቡበትን ሰዓት እየጻፉ ያምጡልኝ" አለችኝ። ለእኔ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ የሰው አቤቱታ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ራሴ ግን አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ደብተር ገዛሁ።

ከምሽቱ 4፡10። 5፡30። ከሌሊቱ 6፡45። 8፡00 (ቆሜ ቆሜ ጥቂት ጠብታ)። 9፡20። 10፡15። 11፡40።

የቀኑን አልጻፍኩም። ደንበኛ ፊት ደብተር አውጥቶ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም።

ሰኔ 24

"ማንን ነው የምታናግረው?" አለችኝ ሸዋወርቅ ከመኝታ ቤት። ባለቤቴ እንቅልፏ ቀላል ነው። እኔ ከጥር ጀምሮ ሳሎን ነው የምተኛው፤ ስነሣ ስቀመጥ እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

"ማንንም" አልኳት። "ቆይ፣ አሁን እወጣለሁ" ማለቴን ግን እኔም ሰምቼዋለሁ። ከሽንት ቤቱ በር ውጭ ሰው ተራ የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። ጉተማ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ከትውልድ ቦታችን ከደራ መጥቶ እኛ ቤት ሲያድር እንደዚያ ነበር የሚጠብቀው። በሩን አያንኳኳም፤ ቀስ ብሎ ሁለቴ ይስላል። ከሞተ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነው።

ሰኔ 28

ሐኪሟ ዶክተር ኢሕሳን ትባላለች። ሻሿን አሳምራ ያሰረች፣ ልጅ እግር ሴት ናት። ገና ሳያት ልመለስ ነበር። ደብተሩን አይታ "ጽሑፍዎ ያምራል፣ አባቴ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን የሚያምር አልነበረም። ፕሮስቴት የሚባለው እጢ አብጦ መቶ አሥር ግራም ደርሷል። ካንሰር አይመስልም፤ ግን ሸንቼ ስጨርስ ፊኛዬ ውስጥ ከአንድ ብርጭቆ በላይ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ኩላሊቴን መጫን ጀምሯል።

ለጊዜው ኪኒን ትሰጠኛለች፤ እንደማይበቃኝ ግን ከወዲሁ ነግራኛለች። በሽንት ቧንቧ በኩል መሣሪያ ገብቶ ከውስጥ እየላጠ የሚያወጣበት መንገድ አለ፤ ቆዳ አይቀደድም። የእኔን ያህል ሲተልቅ ግን እሷ የምትመርጠው ከእምብርት በታች ከፍቶ ማውጣቱን ነው።

ከዚያ "ግብረ ሥጋ ግንኙነት ላይስ እንዴት ነዎት?" አለችኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ። "ደህና ነኝ" አልኩ። ጻፈችው። የሐሰት ቃል መስጠት ይህን ያህል ቀላል ነው።

"ከቀዶ ጥገናው በኋላ ብዙ ሰው እንደ ድሮው ነው። የሚለወጠው የዘር ፈሳሹ ነው። ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ይመለሳል፣ ከሽንት ጋር ይወጣል። አይጎዳም። ልጅ ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው የሚያስቸግረው" አለች። ቀና ብላ አየችኝ። "ልጆች አሉዎት?"

"የሉኝም።"

ይህንንም ጻፈችው። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ምን ይለወጣል ብዬ እንደደነገጥኩ አላውቅም።

ሐምሌ 3

ከፍርድ ቤቱ ማዶ ያለችው የሻይ ቤቷ ባለቤት አበዛሽ ዛሬ ለአራተኛ ጊዜ ወደ ጓሮዋ ስገባ "ጋሽ ወዬሳ፣ ሽንት ቤቱን ለምን ስም አላዞርልዎትም?" አለችኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የስም ማዞሪያ ማመልከቻ ስጽፍ የዋልኩ ሰው ምን እላለሁ?

ጆቴ ግን አልሳቀም። ከጎኔ ባለው ጃንጥላ ሥር የሚጽፍ ባልደረባዬ ነው። ስመለስ ጠጋ አለና "ምላጭ እንዳታስነካ" አለኝ። "የዱባ ፍሬ ቆልተህ ብላ፣ የብቅል ውሃ ጠጣ። አንዴ ከቀደዱህ ወንድነትህ አለቀ።"

"ማን ነው ይህን የነገረህ?"

"አንተ ነህ እንጂ! ለጉተማ እዚሁ ተቀምጠን አይደል የመከርከው? 'ሴት ሆነህ ነው ደራ የምትመለሰው' ብለኸው ስንስቅ።"

ቀልድ ነበር። ጉተማም ስቋል። የሳቀ ይመስለኛል።

ሐምሌ 10

ኪኒን ጀመርኩ። ስነሣ ያዞረኛል። ሌሊት አምስቴ። በሩ ላይ ሳል።

ፍርድ ቤት ሊዘጋ ሲል ደንበኛ ይበዛል፣ አሁን መቅረት አልችልም። ነሐሴ ሲገባ እሄዳለሁ፤ ለሐኪሟም እንዲሁ ነግሬያታለሁ።

ሐምሌ 13

ስድስቴ። ነሐሴ ሲገባ።

ሐምሌ 20

ዛሬ የአንዲት አሮጊት አውራ ጣት ቀለም ላይ ይዤ ስጭን እጄ ተንቀጠቀጠ። "ልጄ፣ አንተም ታመሃል እንዴ?" አሉኝ። እንቅልፍ ማጣት ነው አልኳቸው። እውነቱን ነው፤ ግን ሌላም አለ። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ስለማድር እጽፈዋለሁ።

እናታችን ለሆድ ቀዶ ጥገና የገባች ጊዜ የፈረምኩት እኔ ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከቤቱ ጽሕፈት የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። ሙሉውን እንኳ አላነበብኩትም። እሷ ከዚያ አልጋ አልተነሣችም።

ደራ ላይ ድንኳን ተጣለ። ለቀስተኛ መጥቶ አልቅሶ ሲጨርስ፣ ቁጭ ሲል፣ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ "ማን ፈረመላት?" ገዳይ ያለኝ የለም። ጣት ብቻ ወደ እኔ ይጠቁማል። የአጎቴ ሚስት "እጁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም አሉ" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አራት ቀን እንደዚያ ተቀመጥኩ። በአምስተኛው ቀን ጉተማ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደኝና "እኔም ብሆን እፈርም ነበር" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር አንሥተን አናውቅም።

ጉተማ የካቲት 26 ቀን 2016 ለዚሁ ለፕሮስቴት ቀዶ ጥገና እዚህ አዳማ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። እኔ ልፈርምለት ተነጋግረን ነበር። ያን ቀን አቦምሳ ነበርኩ። የመሬት ክርክር ያለበት ደንበኛ ይዞኝ ሄዶ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ዘጋብኝ። ተራው አለፈው። ሌላ ቀጠሮ አልፈልግም ብሎ ሽንት የሚያወጣበትን ቱቦ እንዳደረገ ደራ ተመለሰ። ቱቦው አቁስሎት፣ ትኩሳት ተነሥቶበት፣ መጋቢት 19 ሞተ።

ይህን ለሁሉም ነግሬያለሁ።

ነሐሴ 5

ምንም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ጀምሮ አንዲት ጠብታ የለም። ሆዴ ከበሮ ሆነ። ሸዋወርቅ በነጠላዋ ወጥታ ባጃጅ አስቆመች። ባጃጁ ጉድጓድ ባለፈ ቁጥር ጮህኩ። ሆስፒታል አንድ ወጣት ቱቦ አስገባልኝ። አንድ ሊትር ከሁለት መቶ ወጣ። አለቀስኩ። ስለቀለለኝ ነው ያለቀስኩት።

ነሐሴ 7

ዶክተር ኢሕሳን ዛሬ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ነበር። "ፍርድ ቤቱ ተዘጋ አይደል?" አለችኝ። ቱቦው እስከ ቀዶ ጥገናው አብሮኝ ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ከዘገየን ኩላሊቴን አጣለሁ። ቀጠሮዬ ነሐሴ 27 ነው። ደም የሚሰጥ ሁለት ሰው አምጣ ተባልኩ።

"ዋናው የእርስዎ ፊርማ ነው" አለች። "ግን ከቤተሰብም አንድ ሰው እዚህ ቀርቦ፣ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ሰምቶ ይፈርማል። ኋላ 'ማን አወቀ፣ ማን ሰማ' እንዳይባል።"

ገባኝ አልኳት። ከእሷ በላይ ይገባኛል።

ነሐሴ 9

ሸዋወርቅ ትፈርማለች ብዬ ነበር። ቆራጥ ሴት ናት። ዛሬ ስነግራት ግን የምትከትፈውን ሽንኩርት አቆመች።

"አንድ ነገር ብትሆን ደራ ያሉት ዘመዶችህ ምን ይሉኛል? ልጅ አልወለድኩልህ። 'ቤቱን ብላ ፈርማ አስገደለችው' ነው የሚሉት። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ለእነሱ እስከ ዛሬ እንግዳ ነኝ። ወገንህ ይፈርም።"

ወገኔ ማን ነው? የቀረኝ የጉተማ ቤት ነው፤ ሚስቱ ዲንቄና ልጁ ሞቲ።

"ዲንቄ ጋ ሂድ" አለችኝ።

"ያን ቀን አቦምሳ ስለነበርኩ እንደ ተቀየመችኝ..."

ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለች። ቀና ሳትል "ያን ቀን አቦምሳ አልነበርክም" አለችኝ። "እራትህን እንኳ በሰዓትህ መጥተህ ነው የበላኸው። ጫማህ ላይ አቧራ አልነበረም።"

ሌላ አልጠየቀችኝም። አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሙሉ አውቃ ነው ዝም ያለችው። ልቆጣ ፈለግሁ፤ የምቆጣበት ነገር አጣሁ።

ነሐሴ 11

ወደ መኝታ ቤት ተመለስኩ። የሽንት ከረጢቱን እሷው በአልጋው ጎን አንጠለጠለችው። ፊቴን አዙሬ ተኛሁ።

"ሳሎን የከረምከው ለእኔ እንቅልፍ ብለህ እንዳልሆነ አውቃለሁ" አለችኝ በጨለማ። "ሐኪሟ ምን አለችህ?" ነገርኳት። ዘሩ ወደ ውስጥ እንደሚመለስ ጭምር። "ታዲያ ሠላሳ ዓመት ወደ ውጭ ሲወጣ ምን ፈየደልን?" አለች። አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቅን። ቱቦው እየጎተተኝ ሳቅሁ። ከዚያ እግሯን እግሬ ላይ ጣል አደረገች። "የናፈቀኝ ይኸ ነው። ሌላው ቢሠራም ባይሠራም ጉዳዬ አይደለም" አለች።

እሷ ተኛች። እኔ በልማዴ ስምንት ሰዓት ላይ ነቃሁ። መነሣት አያስፈልገኝም፣ ቱቦው አለ። ሽንት ቤቱ ባዶ ነው። በሩ ላይ ግን አሁንም እየጠበቀ ነው። ሁለቴ ሳለ።

ነሐሴ 15

ለዲንቄ የምነግራትን በጽሑፍ ላዘጋጅ ብዬ ተቀመጥኩ።

"አመልካች በተጠቀሰው ቀን ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሳይቀርቡ በመቅረታቸው..."

ሰረዝኩት። ይህችን ሐረግ ስንት ሺህ ጊዜ ሸጫታለሁ። ቀጠሮ ላልቀረበ፣ ግብር ላልከፈለ፣ ሚስቱን ጥሎ ለጠፋ። ዳኞቹም እየሰለቻቸው ይቀበሏታል።

"አመልካች በተጠቀሰው ቀን ፈርተው..."

ይህንንም ሰረዝኩት። አራት ገጽ ቀደድኩ።

ነሐሴ 18

ደራ ደርሼ መጣሁ። ከረጢቱን ባቴ ላይ አስሬ፣ ሰፊ ሱሪ ለብሼ ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ ጥግ ተቀመጥኩ። መልካሳን ካለፍን በኋላ ያለው ጤፍ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ጉተማ ቢኖር በዚህ ሰሞን አረም ላይ ነበር።

በሩን የከፈተልኝ ሞቲ ነው። ትከሻው ቁርጥ አባቱን። ሰላም አላለኝም፤ "እማ፣ መጣ" ብሎ ወደ ውስጥ ተጣራ። "መጣ" ብቻ። ስሜን አልጠራም።

ዲንቄ በረንዳው ላይ ባቄላ ትለቅም ነበር። "አካም ጅርታ፣ ዋርሳ" ብላ ሰላም አለችኝ። የባሏ ወንድም ስለሆንኩ ዋርሳ ነው የምትለኝ፣ ዱሮም እንደዚያው። ወንበር ሰጠችኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሸዋወርቅ ጤና ጠየቀችኝ። ያጠናሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

ድንገት ሱሪዬን አየችና "ሞልቷል" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ና።"

ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ተንበርክካ ሱሪዬን ጠቀለለች፣ የከረጢቱን መክፈቻ ሳትፈልግ አገኘችው፣ ባልዲ ውስጥ አንቆረቆረችው፣ መልሳ ዘጋችው፣ ቱቦው እንዳይታጠፍ አስተካከለችው። አንዴም አልተሳሳተችም። ማን ላይ እንደ ተማረችው ሁለታችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ አንድ ቀን እንኳ መጥቼ አልጠየቅሁትም ነበር። ሥራ ነበረብኝ።

እጇን ስትታጠብ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር መናገር ቻልኩ። ስለ ቀዶ ጥገናው፣ ስለ ደሙ፣ ስለ ፊርማው።

"መቼ ነው?"

"ነሐሴ 27። ጠዋት አንድ ሰዓት።"

ከቤት ሆኖ ይህን የሰማው ሞቲ የውጭውን በር በርግዶ ወጣ። ዲንቄ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። "እመጣለሁ" አለች።

የካቲትን አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም። በመመለሻዬ መስኮቱን ተደግፌ፣ ዛሬም አልተናገርክም፣ ዛሬም አልተናገርክም እያልኩ አዳማ ገባሁ።

ነሐሴ 26፣ ሆስፒታል

ነገ ነው። ሞቲ ከሰዓት መጥቶ ደም ሰጥቶ ሄደ። ወደ አልጋዬ አልመጣም፤ ነርሷ ናት የነገረችኝ። ሁለተኛውን ደም የሰጠው ጆቴ ነው! "ጥርስ እንደሚነቀል ቁጠረው" ብሎኝ ሄደ። ስለ ዱባ ፍሬ አላነሣም።

ዲንቄ ካልመጣች ሐኪሟ ሌላ ዘመድ ጥራ ትለኛለች። ሌላ የለም። ካልመጣች አልፈርድባትም፤ እኔም በጉተማ የሠራሁት ይህንኑ ነው። ስልኬን ሞልቼ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። በየሩብ ሰዓቱ አየዋለሁ። ጉተማም እንዲህ ሲያይ ነው የዋለው።

ጳጉሜን 3

እጄ አሁን ብዕር ይይዛል። ስድስት ቀን ሆነኝ።

መጣች። በጨለማ ተነሥታ በመጀመሪያው መኪና። ሐኪሟ ሁሉንም ዘረዘረችላት፤ ደም ሊፈስ እንደሚችል፣ ሊመረቅዝ እንደሚችል፣ ሽንት ላልቋጥር እንደምችል፣ ልሞት እንደምችል። ዲንቄ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች። ብዕሩን ይዛ ስሟን ቀስ ብላ ጻፈች። ከዚያ በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዱኝ። ከወገብ በታች አደነዘዙኝ፤ የሐኪሟን ድምፅ እየሰማሁ ነበር። ሌላው ትዝ አይለኝም። ሦስት ቀን ከረጢቱ ቀይ ነበር፣ ከዚያ ሮዝ፣ ትናንት የሻይ ቀለም።

ዛሬ ጠዋት ቱቦውን አወጡልኝ። ነርሷ መለኪያ ሰጥታኝ "ሲመጣ ይጥሩኝ" ብላ ሄደች። ሸዋወርቅ ልብስ ልታመጣ ቤት ሄዳ ነበር። ከመጋረጃው ወዲህ እኔና ዲንቄ ብቻ ቀረን። መለኪያውን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ እሷን ሳላይ፣ ተናገርኩት።

"አቦምሳ አልነበርኩም። ከዚህ ሆስፒታል በር ማዶ ያለው ሻይ ቤት ነበርኩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት። ስልኩ አልዘጋም፤ ደፍቼው ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ጠርቷል። ከሞተ 'ማን ፈረመለት' እንዳይሉኝ ብዬ ነው። አንቺ በር ላይ ወጥተሽ ላይ ታች ስታዪ አይቼሻለሁ።"

"እኔም አይቼሃለሁ" አለች ዲንቄ።

ዞር አልኩ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ደክሟታል ብቻ።

"ለምን አልጠራሽኝም?"

"ብጠራህ ትመጣ ነበር?"

አዎ ልል ነበር። "አላውቅም" አልኳት።

"እኔም አላወቅሁም። 'ወንድምህ በር ላይ ተቀምጦ አልገባም አለ' ብዬ እንዴት ልንገረው? 'መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው' አልኩት። ደራ ከተመለስን በኋላም በጠየቀኝ ቁጥር 'እየመጣ ነው' አልኩት። ሃያ ሦስት ቀን።"

መለኪያውን ከእጄ ወሰደችና ይዛልኝ ቆመች።

"ለአንተ ብዬ የፈረምኩ እንዳይመስልህ" አለች። "ያን ቀን እኔ ልፈርም ብዬው ነበር። ብዕሩን ከእጄ ነጠቀኝ። 'አንቺ ተይው፣ ወዬሳ ነው የሚፈርመው' አለኝ። 'እናታችን በእሱ ፊርማ ገብታ ቀረች። እኔ በእሱ ፊርማ ገብቼ ከወጣሁ ያ ነገር ይለቀዋል።' ለዚህ ነው ሲጠብቅህ የዋለው። ሌላ ሰው ጠፍቶ አይደለም።"

ሽንቴ ያኔ መጣ። ሳላምጥ፣ ሳያማክረኝ፣ እንደ ልጅነቴ እየተንቆረቆረ። ነርሷ ድምፁን ሰምታ መጋረጃውን ገለጥ አደረገችና ስንት እንደሆነ ጠየቀች። ዲንቄ መለኪያውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችና "ሦስት መቶ" አለቻት።